ስምንት ጅብ ይበዛል? ለጀማሪ ጌም ማስተር የውጊያ ሚዛን አጠባበቅ

ዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ በዳይስ የሚጫወቱትን የተረት ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታጫውቱ ነው እንበል፤ ታሪኩን የምትመሩትና ጭራቆቹን የምታንቀሳቅሱት ጌም ማስተሮቹ እናንተ ናችሁ። አራት ተጫዋች ተገኝቷል፤ ሁሉም ሌቭል 1፣ ማለትም መነሻው ደረጃ ላይ ናቸው። ታሪኩም ቀላል ነው፦ ከሐይቅ ከተማ ጨው ጭኖ፣ ደሴን አልፎ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ ማጀብ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ሲወፍር የሆነ ነገር ሊያጠቃቸው ይገባል። በእጃችሁ ሦስት ምርጫ አለ፦ አራት ጎብሊን (ትንንሽ ጭራቆች)፣ አንድ ኦግር (ግዙፍ ጭራቅ) ወይም ስምንት ጅብ።

የማስተሩ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ጎብሊኖቹንና ኦግሩን «ገዳይ» ከሚለው መደብ ያስገባቸዋል። ጅቦቹን «መካከለኛ» ይላቸዋል። ሠንጠረዡን አምኖ ጅቦቹን የመረጠ ጀማሪ ማስተር ግን ገና ሁለተኛው ዙር (ሁሉም አንድ አንድ ተራ የሚያገኝበት) ላይ ግማሹ ቡድን መሬት ላይ ተዘርሮ ሊያገኘው ይችላል። ለምን እንደሆነ ከገባችሁ ውጊያ ማመጣጠን ምን ማለት እንደሆነ አብዛኛው ገብቷችኋል። ጉዳዩ የአንዱ ጭራቅ ጉልበት አይደለም። ዋናው ጥያቄ አንዱ ወገን እስኪወድቅ ድረስ ሌላው ስንት ጊዜ ተራ ይደርሰዋል የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ተራ ስለ መቁጠር ነው።

ዕቃው

ብዙ አያስፈልግም። የጭራቆቹ ቁጥር ኤስአርዲ 5.1 በሚባለው ሰነድ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቀ በነጻና በሕጋዊ መንገድ ማውረድ ይቻላል። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ፒያሳ ዞራችሁ ካጣችሁ የስልክ አፕ ይበቃል፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ግን ስልኩን አስቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፣ የጭራቆቹንም ቁጥር በወረቀት ገልብጡ። ለካርታ ባለ ስኩዌር የሒሳብ ደብተር፣ ለጭራቅ ደግሞ የለስላሳ ቆርኪ ይሆናል። እያንዳንዱ ስኩዌር 5 ጫማ ነው። ቆርኪው ፊቱን ወደ ላይ ካዞረ ጅቡ በሕይወት አለ፤ ከተገለበጠ ሞቷል።

አንድ፦ ቡድናችሁን በቁጥር እወቁ

ጭራቅ ከመምረጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን ተጫዋች አራት ቁጥር ጻፉ፦ ኤሲ (ለመመታት ያለው አስቸጋሪነት)፣ ኤችፒ (ዜሮ ሲደርስ የሚወድቅበት የሕይወት ነጥብ)፣ ለመምታት ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ የሚደምረው ቁጥርና አንዴ ሲመታ በአማካይ የሚያደርሰው ጉዳት። የእኛ ምሳሌ ቡድን ይህን ይመስላል።

ፋይተር (ተዋጊ)፦ ኤሲ 16፣ ኤችፒ 12
ክሌሪክ (ፈዋሽ ካህን)፦ ኤሲ 16፣ ኤችፒ 10
ሮግ (ሰርጎ ገብ)፦ ኤሲ 14፣ ኤችፒ 9
ዊዛርድ (አስማተኛ)፦ ኤሲ 12፣ ኤችፒ 7

ድምር ኤችፒ 38 ነው፤ አማካይ ኤሲ ወደ 15 ይጠጋል። ሌቭል 1 ላይ አብዛኛው ሰው ለመምታት 5 ይደምራል፣ ሲመታም በአማካይ 7 ገደማ ያደርሳል። 38 የሚለውን ቁጥር ከገጹ አናት ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ሁለት፦ ሠንጠረዡን ተጠቀሙበት፣ ግን አትመኑት

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የኤክስፒ (ጭራቅ በማሸነፍ የሚገኝ የልምድ ነጥብ) ገደብ ያስቀምጣል። ቅደም ተከተሉ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ ገዳይ ነው።

ሌቭል 1፦ 25፣ 50፣ 75፣ 100
ሌቭል 2፦ 50፣ 100፣ 150፣ 200
ሌቭል 3፦ 75፣ 150፣ 225፣ 400

ይህን በተጫዋቾቹ ቁጥር ታባዛላችሁ። የእኛ አራት ሰዎች ገደብ 100፣ 200፣ 300 እና 400 ይሆናል። ከዚያ የጭራቆቹን ኤክስፒ ደምራችሁ በብዛታቸው ልክ ታሳድጉታላችሁ፦ ሁለት ከሆኑ በ1.5፣ ከሦስት እስከ ስድስት ከሆኑ በ2፣ ከሰባት እስከ አሥር ከሆኑ በ2.5። አንድ ብቻ ከሆነ እንዳለ ይወሰዳል።

አራት ጎብሊን፣ እያንዳንዱ 50፣ ድምሩ 200፤ በ2 ሲባዛ 400፤ ገዳይ። ኦግሩ ብቻውን 450፤ ገዳይ። ስምንት ጅብ፣ እያንዳንዱ 10፣ ድምሩ 80፤ በ2.5 ሲባዛ 200፤ መካከለኛ። እ.ኤ.አ. የ2024ቱ እትም ደግሞ በብዛት ማባዛቱን ጭራሽ ትቶታል፤ ሦስት መደብ ብቻ ነው ያለው፣ ለሌቭል 1 በነፍስ ወከፍ 50፣ 75 እና 100። በእሱ ስሌት ስምንቱ ጅቦች 80 ኤክስፒ ብቻ ስለሆኑ ዝቅተኛው መደብ ላይ እንኳ አይደርሱም።

ሠንጠረዡ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ከ200 ጭራቅ መካከል አሥሩን ለመለየት በጣም ይጠቅማል። ከአሥሩ አንዱን ለመምረጥ ግን የሚከተለው ስሌት ያስፈልጋል።

ሦስት፦ የዙር ስሌት

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፤ መመሪያው ያለው እዚህ ነው። የመምታት ዕድልን ለማግኘት ከ21 ተነሱ፣ አጥቂው ለመምታት የሚደምረውን ቁጥር ጨምሩ፣ የተጠቂውን ኤሲ ቀንሱ፣ ለ20 አካፍሉ። በቃ። 5 የሚደምር ተጫዋች ኤሲ 15 የሆነ ጎብሊን ለመምታት ያለው ዕድል 11 ለ20፣ ማለትም 55 በመቶ ነው።

በጎብሊኖቹ እንጀምር። አራት ተጫዋች፣ 55 በመቶ፣ በምት 7፤ በአንድ ዙር 15 ገደማ ጉዳት። አራቱ ጎብሊኖች በነፍስ ወከፍ 7፣ በድምሩ 28 ኤችፒ አላቸው። ምት ስለሚባክንም ሁለት ዙር ተኩል ያህል ይቆያሉ። እነሱስ? 4 ይደምራሉ፤ ኤሲ 15ን በ50 በመቶ ይመታሉ፤ አንዱ ምት በአማካይ 5.5 ነው። በመጀመሪያው ዙር አራቱ 11 ያደርሳሉ፤ እየሞቱ ሲሄዱ ይቀንሳል፤ እስከ መጨረሻው 17 ገደማ። ከ38ቱ ግማሽ አይሞላም። ጥሩ ውጊያ ነው።

አሁን ጅቦቹ። የጅብ ኤሲ 11፣ ኤችፒው 5 ነው፤ ተጫዋቾቻችሁ በ75 በመቶ ይመቱታል፣ አብዛኛውም ምት ይገድለዋል። በአንድ ዙር ሦስት ጅብ ይወድቃል። ጅቡ የሚደምረው 2 ብቻ ስለሆነ ኤሲ 15ን የመምታት ዕድሉ 40 በመቶ ነው። ደካማ ይመስላል። ነገር ግን ጅብ በመንጋ ማጥቃት የሚባል ችሎታ አለው፦ ከተጠቂው 5 ጫማ ውስጥ ጓደኛው ካለ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል። በዚህ የተነሳ 40 በመቶው 64 ይሆናል። ምቱ በአማካይ 3.5 ስለሆነ እያንዳንዱ ጅብ በየተራው 2.2 ገደማ ያደርሳል።

ተራውን ቁጠሩ። ጅቦቹ ቀድመው ከጀመሩ በመጀመሪያው ዙር ስምንቱም ይነክሳሉ፣ በሁለተኛው አምስቱ፣ በሦስተኛው ሁለቱ። 15 ተራ ማለት ነው፤ በ2.2 ሲባዛ 33 ያልፋል። ከ38! ተጫዋቾቹ ቀድመው ከጀመሩ ግን የጅቦቹ ተራ አምስትና ሁለት፣ በድምሩ ሰባት ብቻ ይሆናል፤ ጉዳቱም ወደ 16 ይወርዳል። ልዩነቱን የፈጠረው ማን ቀድሞ ጀመረ የሚለው ብቻ ነው። የቡድኑ ሕይወት በአንድ የዳይስ ውርወራ ላይ የሚንጠለጠልበት ውጊያ በአማካዩ ምንም ያህል ቢያምር ሚዛኑን የጠበቀ አይባልም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እዚህ ጨዋታ ውስጥ ቃል በቃል ይሠራል፤ በሁለቱም አቅጣጫ። አራት ሰው ብቻውን የቆመ ጭራቅን ያስራል፣ ስምንት ጅብ አራት ሰውን ያስራል።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይኸው፦ ጠላት ያደርሰዋል ተብሎ የሚጠበቀው ጉዳት ከቡድኑ ኤችፒ ሲሶ በታች ከሆነ ማሟሟቂያ ነው። ከሲሶ እስከ ግማሽ ደህና ውጊያ ነው። ከግማሽ እስከ ሁለት ሲሶ ለታሪኩ ጫፍ ብቻ። ከዚያ በላይ ከሆነ አታምጡት፤ ወይም መሸሻ መንገድ አብራችሁ ሣሉ።

አራት፦ ደካማውን ሰው ለብቻው ፈትኑት

አማካይ ያታልላል። ኦግሩን እዩ። ኤሲው 11፣ ኤችፒው 59 ነው፤ ቡድኑ በዙር 21 ያህል ያደርስበታል፣ በሦስት ዙር ይጥለዋል። እሱ 6 ይደምራል፤ በ60 በመቶ ይመታል፤ አንዱ ምት በአማካይ 13። ሦስት ተራ፣ 23 ገደማ። ከ38 ሲታይ የሚያስጨንቅ ግን የሚያስኬድ ይመስላል።

ይሁንና 13 ከፋይተሩም 12 ኤችፒ ይበልጣል። ኦግሩ በአማካይ በመታ ቁጥር አንድ ሰው ይወድቃል። ዊዛርዱ ላይ ሲሆን ይብሳል፦ ወደ ዜሮ ወርዶ የተረፈው ጉዳት ከሙሉ ኤችፒው ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ገጸ ባሕርዩ ወዲያው ይሞታል፤ የሞት ዳይስ መጣል የለም፣ ክሌሪኩም አይደርስለትም። ዊዛርዱ 7 ኤችፒ ስላለው 14 የሚያደርስ ምት ይበቃዋል። የኦግሩ ዱላ 2ዲ8+4 ነው (ሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ተጥሎ 4 ይደመራል)፤ 14ና ከዚያ በላይ የሚወጣበት ዕድል 44 በመቶ ገደማ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስም አውጥታ፣ ታሪክ ጽፋ፣ የአያቷን ሻሽ ሳይቀር የገለጸች ተጫዋች በመጀመሪያው ምሽት በአንድ ዱላ ልትሰናበት ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የጠላት ትልቁ ምት ከደካማው ሰው ኤችፒ እጥፍ ይደርሳል? ከደረሰ ያ ጭራቅ ለዚህ ሌቭል አይሆንም። ሁለተኛ፣ ጠላቶቹ ሁሉ ደካማውን ቢከቡት ምን ይሆናል? አራቱ ጎብሊኖች ዊዛርዱን ቢመርጡ በ65 በመቶ ይመቱታል፤ በአንድ ዙር 14 ማለት ነው፣ ወደቀ። መፍትሔው ጎብሊን መቀነስ ላይሆን ይችላል። ማን ማንን እንደሚያጠቃ አስቀድማችሁ ጻፉ፦ «ሁለቱ የቀረባቸውን፣ አንዱ የነጋዴውን አህያ፣ አንዱ ከድንጋይ ጀርባ ሆኖ ቀስት»። ጠላት ሐሳብ ይኑረው እንጂ እንደ ማስተሩ የሁሉንም ኤችፒ አይወቅ።

አምስት፦ ያልተመጣጠነውን መጠገን

ስምንቱን ጅቦች መጣል አያስፈልግም። በማዕበል ክፈሏቸው። አራቱ በመጀመሪያ ይመጣሉ፤ ቀድመው ቢጀምሩ እንኳ አራትና አንድ፣ አምስት ተራ ነው ያላቸው፤ 11 ጉዳት። የቀሩት አራቱ ከጉሙ ውስጥ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል፤ የሚገቡት ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። ሁሉም ከመጡ ድምሩ 22 ይሆናል፤ ቡድኑ ከተዳከመ ግን ሁለቱ ብቻ ይምጡ፣ ወይም ማንም አይምጣ። ገና ያልታየ ጅብ የማስተሩ ነው፤ ከታየ በኋላ የሁሉም ነው።

ከዚያ ጅቦቹ ለምን እንደመጡ አስቡ። ጅብ የሚበላው ይፈልጋል እንጂ የሞተ ጀግና አይሰበስብም። አህያዋን ይፈልጋሉ። ከግማሽ በላይ ካለቁ ይሸሻሉ፣ አህያዋን ጎትተው ከወሰዱም ይሄዳሉ። ይህ አንድ መስመር ውጊያውን ያሳጥረዋል፤ ተጫዋቾቹም የሚመርጡት ነገር ያገኛሉ። «ወላሂ አንዲት አህያ ትቼ አልሄድም» የሚል ፋይተር አይጠፋም፤ ይበል፣ ምርጫው የእሱ ነው። ሌላም መላ አለ፦ ችቦ የያዘ ሰውን ጅቦቹ በመንጋ ማጥቃት አይችሉም ብላችሁ ደንግጉ። ከመጽሐፉ ውጭ የሆነ የቤት ሕግ ስለሆነ ውጊያው ሳይጀመር በግልጽ ተናገሩት።

ኦግሩን ለሌቭል 3 አቆዩት። በዚያን ጊዜ የአራት ሰው ገደብ 300፣ 600፣ 900 እና 1600 ስለሚሆን ብቻውን ቀላል ይሆናል፤ ቶሎም ይወድቃል። ሁለት ጎብሊን ጨምሩለት፦ 450 ሲደመር 100፣ 550፤ ሦስት ስለሆኑ በ2 ሲባዛ 1100። ከባድ፣ ግን ገዳይ አይደለም። ትልቅ ጠላት ሁልጊዜ አጃቢ ይኑረው።

ስድስት፦ መሬቱም ይዋጋል

የሐረጎ ጉም ለጌጥ የገባ አይደለም። ከ30 ጫማ በላይ አይታይም ካላችሁ የሮጉ ቀስትና የዊዛርዱ እሳት በሩቁ ዋጋ አጡ፤ ጅቦቹም ሳይመቱ ተጠጉ። ይህ ለጠላት አንድ ዙር በነጻ እንደ መስጠት ነው፤ በስሌቱ ውስጥ አስገቡት። ገደል ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። አዝዋ ገደልን የሚያውቅ የደሴ ልጅ ሁሉ ካርታው ላይ ገደል መሣሉ አይቀርም፤ በሕጉ ግን በየ10 ጫማው ውድቀት 1ዲ6 ጉዳት አለ። 30 ጫማ የወደቀ ሰው በአማካይ 10.5 ይደርስበታል፤ ሌቭል 1 ላይ ከፋይተሩ በቀር ሁሉንም ይጥላል። ገደል ካለ አፋፉ ላይ የሚያዝ ቁጥቋጦም ይኑር።

ሰባት፦ ስለ ምሽቱ

የ2014ቱ እትም በአንድ የጀብዱ ቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ውጊያ እንደሚካሄድ ታሳቢ ያደርጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ተገናኝቶ፣ አቦል ቶና በረካ ጠጥቶ፣ ሳይመሽ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሰው ሚኒባስ እንዲያገኝ የሚበተን ቡድን ግን አንድ ወይም ሁለት ውጊያ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ክሌሪኩና ዊዛርዱ በየውጊያው ሙሉ አስማት ይዘው ይገባሉ፤ ሌቭል ሲጨምር «ከባድ» የተባለው ሁሉ ይቀልባቸዋል። መውጫው እናንተ በተበተናችሁ ቁጥር የጀብዱው ቀን አብሮ እንዳያልቅ ማድረግ ነው፦ አስማትና ኤችፒ የሚመልሰው ረጅም ዕረፍት የሚፈቀደው ሲራራው ኮምቦልቻ ሲደርስ ብቻ ይሁን፣ ያ ሦስት ቅዳሜ ቢፈጅም።

የሚቀር ሰውም አለ። ፈተና ደረሰ፣ እንግዳ መጣ ይባላል። ጠላታችሁን በነፍስ ወከፍ አዘጋጁ፦ ለአንድ ተጫዋች አንድ ጎብሊን፤ አንዱ ከቀረ አንድ ቆርኪ ታነሳላችሁ።

ሌላ ነገር። የሰሜኑ ጦርነት በደሴ ከተማ አልፏል። መንገድ ዘግቶ ሰው የሚያግት ሽፍታ፣ የሚቃጠል ቤት፣ የተኩስ ድምፅ ለአንዱ ጨዋታ ሲሆን አጠገቡ ለተቀመጠው ላይሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ምሽት በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቁት። እኔ በዚህ የተነሳ መንገድ ላይ ከታጠቀ ሰው ይልቅ ጅብና ጎብሊን እመርጣለሁ። በስሌት ረገድ ምንም የሚያጎድለው ነገር የለም።

ስምንት፦ ለብቻ አንዴ ተጫወቱት

ከምሽቱ በፊት ደብተሩን ዘርግታችሁ፣ ቆርኪዎቹን ደርድራችሁ፣ የሁለቱንም ወገን ዳይስ ራሳችሁ ጣሉ። ሦስት ዙር ብቻ። አንዴ ጅቦቹ ቀድመው ይጀምሩ፣ አንዴ ተጫዋቾቹ። ስሌት የማያሳየውን ይህ ያሳያል፦ ፋይተሩ ከፊት ቆሞ ሳለ በጠባቡ መንገድ ከሁለት ጅብ በላይ እንደማያልፍ፣ ወይም ሮጉ የሚሸሸግበት ድንጋይ እንዳልሣላችሁ። በቃላችሁ የምታስታውሷቸው ሕጎች የትኞቹ፣ መጽሐፍ ገልጣችሁ የምትፈልጓቸው የትኞቹ እንደሆኑም ያኔ ይለያል።

ዘጠኝ፦ ጠረጴዛው ላይ

ዳይሱን በግልጽ ጣሉ። በመጋረጃ ጀርባ ቁጥር የሚቀይሩ ማስተሮች አሉ፤ ብዙ ልምድ ያላቸውም ይመክሩታል። እኔ አልወደውም፤ ተጫዋች አንዴ ከጠረጠረ የሚቀጥለው ድል አይጥመውም። ለማስተካከል በቂ ሌላ መንገድ አላችሁ፦ ያልገባው ማዕበል፣ የመሸሻው ገደብ፣ ጠላት የሚመርጠው ሰው።

የወደቀ ሰው ሲኖር አትደንግጡ። በየተራው ዲ20 ይጥላል፤ 10ና ከዚያ በላይ ስኬት ነው፣ ሦስት ስኬት ያረጋጋዋል፣ ሦስት ውድቀት ይገድለዋል። ክሌሪኩ ደርሶ 1 ኤችፒ እንኳ ከሰጠው ይነሳል። መውደቅ የውጊያው ቅመም ነው። በአንድ ዙር ሁለት ሰው ከወደቀ ግን ጅቦቹ አህያዋን ይዘው መሄጃቸው ደርሷል።

ከምሽቱ በኋላ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ዙር ቆየ፣ ማን ወደቀ፣ ክሌሪኩ ስንት አስማት ተረፈው። ማንም ሳይወድቅ በሁለት ዙር ካለቀ ለሚቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፤ ወይ አንድ ጠላት፣ ወይ አንድ ማዕበል፣ ወይ መጥፎ መሬት። ሦስቱን ባንዴ ከጨመራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ሌቭል ሲጨምር

38 የሚለው ቁጥር በየሌቭሉ ይታደሳል፤ ስሌቱም እንደገና ይሠራል። ሌቭል 2 ላይ ኤችፒው ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ የአንድ ምት ሞት ስጋት በጣም ይቀንሳል፤ ስምንቱ ጅቦች በሙሉ ባንዴ ሊመጡ የሚችሉት ያኔ ነው። ትልቁ ዝላይ ሌቭል 5 ላይ ይመጣል፦ ፋይተሩ በአንድ ተራ ሁለቴ ይመታል፣ ዊዛርዱ ፋየርቦል የተባለውን የእሳት አስማት ያገኛል። 8ዲ6፣ በአማካይ 28፣ 20 ጫማ ራዲየስ ውስጥ ያለውን ሁሉ። ተጣብቀው የቆሙ ሃያ ጎብሊኖች በአንድ ተራ ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ ቆርኪዎቹን በደብተሩ አራቱም ማዕዘን በትኗቸው፣ ቢያንስ ዘጠኝ ስኩዌር አራርቃችሁ።